ስሙን ትታችሁ ድምፁን ስሙ፦ የፖላንዶችን ክላሲካል ቅጂ ስናዳምጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ሸክላ ነበር። ሽፋኑ ላይ የዲኑ ሊፓቲ ስም ተጽፏል። ሊፓቲ በ1950 ገና በ33 ዓመቱ ያረፈ ሮማንያዊ ፒያኒስት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) ሸክላው የያዘው የፖላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሾፓንን ኢ ማይነር ፒያኖ ኮንሰርቶ ነው፤ ኮንሰርቶ ማለት አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ ነው። ያሳተመው ስመ ጥር የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። ሰው የሊፓቲ ነው እያለ ገዛው፣ የሊፓቲ ነው እያለ አደነቀው።

በ1981 እውነቱ ወጣ። ፒያኖው ላይ የነበሩት ጣቶች የሃሊና ቸርኒ ስቴፋንስካ ነበሩ። ፖላንዳዊት ናት። ቅጂውን የሠራችው ከቼክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር፣ በቫትስላቭ ስሜታቼክ መሪነት ነው። በ1949 የዋርሶውን የሾፓን ውድድር ከቤላ ዳቪዶቪች ጋር እኩል አንደኛ ወጥታለች። ነገሩ ሲታወቅ እሷ በሕይወት ነበረች።

የኩባንያውን ስህተት እንኳ ልተወው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያው ድምፅ፣ ያው ጣት፣ ሽፋኑ ላይ የሷ ስም ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሰው ያን ያህል ጆሮውን ይሰጠው ነበር? የፖላንድ ተጫዋቾችን ቅጂ ስሰበስብና ሳዳምጥ ያየኋቸው ስህተቶች ዞረው ዞረው እዚሁ ላይ ይወድቃሉ። ስም እናነባለን፣ ድምፁ ያመልጠናል።

ስም አይቶ መፍረድ

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ አጭር ሥራ ምረጡ፣ ለምሳሌ የሾፓንን አንድ ኖክተርን፣ ጸጥ ያለ የማታ ዜማ። ሁለት ወይም ሦስት ቅጂ ፈልጉ። አንዱ የስመ ጥሩው ፖላንድ ተወላጅ ፒያኒስት የአርተር ሩቢንሽታይን ይሁን፣ ሌላው የአንድ ወጣት። ከዚያ ስልኩን ለሌላ ሰው ስጡትና ማን እንደሆነ ሳይነግራችሁ ያጫውትላችሁ። እኔ ከእህቴ ጋር ሞክሬዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ፣ ሁለተኛውን መረጥኩ። ስልኩን ስታሳየኝ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ነበር። ያን ቀን ከያዝኳቸው አልበሞች ግማሹን እንደ አዲስ መስማት ጀመርኩ።

አንደኛ የወጣውን ብቻ መፈለግ

የሾፓን ውድድር ዋርሶ ውስጥ የተጀመረው በ1927 ነው። በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል። ከቸርኒ ስቴፋንስካ ሌላ ሦስት ፖላንዶች አሸንፈውታል፦ አዳም ሃራሼቪች በ1955፣ ክሪስቲያን ዚመርማን በ1975፣ ራፋው ብሌሃች በ2005። ዚመርማን ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። ብሌሃች ሲያሸንፍ ዳኞቹ ሁለተኛ ሽልማት የሚባል ነገር ለማንም አልሰጡም። ለማዙርካና ለፖሎኔዝ (ሁለቱም የፖላንድ ጭፈራዎች ናቸው)፣ ለሶናታ (ብዙ ክፍል ላለው ሥራ) እና ለኮንሰርቶ የተዘጋጁትን ልዩ ሽልማቶችም እሱ ጠቅልሎ ወሰደ። የእነዚህን ሰዎች ቅጂ ስሙ፤ ለዚያ ክርክር የለኝም።

ነገር ግን ውድድር የሦስት ሳምንት ጉዳይ ነው፣ ቅጂ ደግሞ የዕድሜ ልክ። ያኑሽ ኦሌይኒቻክ በ1970 የወጣው ስድስተኛ ነው። በ2002 ከጦርነቱ ስለተረፈው የዋርሶ ፒያኒስት የተሠራውን ፊልም ያያችሁ ሰዎች ግን እጁን ታውቁታላችሁ። እዚያ ፊልም ውስጥ የምትሰሙት ፒያኖ አብዛኛው የእሱ ነው። ሺሞን ኔህሪንግ በ2017 ቴል አቪቭ ላይ በሩቢንሽታይን ስም የሚጠራውን ውድድር አሸንፏል። ያኩብ ኩሽሊክ በ2021 አራተኛ ወጣ፣ የማዙርካውን ልዩ ሽልማት ግን ወሰደ። ፒዮትር አሌክሴቪች በ2025 አምስተኛነትን ተጋራ። «አምስተኛ» የሚለውን ቃል አይቶ የሚያልፍ ሰው ብዙ ያጣል። ከመላው ዓለም ለውድድሩ ከመጡ ፒያኒስቶች ሁሉ መካከል አምስተኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት እስቲ።

ፖላንድ ማለት ሾፓን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉም ስህተት በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ግራዢና ባትሴቪች የምትባል ሴት ነበረች። በ1909 ዉጅ ከተማ ተወለደች፣ በ1969 ዋርሶ ውስጥ አረፈች። ቫዮሊን ትጫወታለች። ከ1936 እስከ 1938 በፖላንድ ሬዲዮ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ቫዮሊን መሪ ነበረች። ፒያኖም ትጫወታለች፣ ያውም እንዲህ በዋዛ አይደለም። ራሷ የደረሰችውን ሁለተኛ የፒያኖ ሶናታ በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበችው ራሷ ናት። ድርሰቷንም ሆነ ጨዋታዋን የሚያውቅ ሰው ከአገሯ ውጭ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር።

በ2011 ዚመርማን የእሷን ሥራዎች ብቻ የያዘ አልበም አወጣ። ያችን ሁለተኛ ሶናታና ሁለት የፒያኖ ኩዊንቴቶች (ፒያኖና አራት የክር መሣሪያዎች አብረው የሚጫወቷቸውን ሥራዎች) ይዟል። የሶናታዋን የመጨረሻ ክፍል ስሙ። ፒያኖው እንደ መዶሻ ይመታል፣ ከሥሩ ግን ኦቤሬክ የሚባል የገጠር ጭፈራ ይሽከረከራል። ፈጣን ነው፣ ያዞራል፣ ተጫዋቹ ትንፋሽ የሚስብበት ቦታ የለም። መጀመሪያ ስሰማው ቆሜ ነው የጨረስኩት።

ኩዊንቴቶቹ ላይ ከዚመርማን ጋር ያሉትን ሰዎች ደግሞ ተመልከቱ። አንዷ ቫዮሊን ተጫዋቿ ካያ ዳንቾቭስካ ናት። ዚመርማንና እሷ ወጣቶች ሳሉ የፖላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የካሮል ሺማኖቭስኪን «ሚቶች» አብረው ቀድተዋል፤ ያ ቅጂ ዛሬም እንደ ውኃ ይፈሳል። ሌላዋ አጋታ ሺምቼቭስካ ናት፤ በ2006 በፖዝናን የቪየንያቭስኪን የቫዮሊን ውድድር ያሸነፈች። አንጋፋዋና ወጣቷ አንድ አልበም ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ታዋቂ ተጫዋቾችና ጀማሪዎች የተለያዩ ዓለሞች የሚመስሉት ሰው ይህን አልበም ይስማ።

ባትሴቪችን ከወደዳችሁ ሰባቱን የክር ኳርቴቶቿን የሲሌዥያ ኳርቴት ቀድቶላችኋል። ከዚያ የሌላው ፖላንዳዊ ደራሲ የቪቶልድ ሉቶስዋቭስኪ ፒያኖ ኮንሰርቶ አለ፣ ለዚመርማን የተጻፈና በ1988 ሳልዝቡርግ ላይ እሱ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው። ሾፓን በሩ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው።

ማዙርካን በሰዓት መለካት

«ምቱን ይስታል» ይላሉ ሰዎች። አንዳንዶቹ ሙዚቃ የተማሩ ናቸው። ማዙርካ በሦስት ምት ነው የሚጻፈው፣ እነሱም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቆጥሩና የፖላንዶቹ ቅጂ አልገጥም ሲላቸው ተጫዋቹን ይወቅሳሉ።

ይህ ክርክር ሾፓን በሕይወት እያለም ነበር። ቻርልስ ሃሌ የተባለው ፒያኒስት ሾፓን ራሱ ሲጫወት ሰምቶ፣ በሦስት የጻፍከውን በአራት ነው የምትጫወተው አለው። ሾፓን አላመነም። ሃሌ ጮክ ብሎ አራት እየቆጠረ አሳየው። ሾፓን ሳቀና የአገራችን ጭፈራ ጠባዩ ነው አለ።

ማዙርካ ውስጥ ክብደቱ አንዴ ሁለተኛው ምት ላይ፣ አንዴ ሦስተኛው ላይ ይወርዳል። ያ ምት ትንሽ ይለጠጣል። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሠርግ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው ምቱን ከሰዓት አይወስድም፣ ከጨፋሪው ትከሻ ነው የሚወስደው። ትከሻው ሲዘገይ ጭብጨባውም ይጠብቀዋል። ማዙርካንም እንዲሁ ስሙት።

ለሙከራ የሚሆን አንድ አለ፦ የሾፓን ማዙርካ ኦፐስ 17 ቁጥር 4፣ በኤ ማይነር (ኦፐስ የሥራው መለያ ቁጥር ነው)። ሲጀምር ጥቂት ለስላሳ ኮርዶች ይመጣሉ፣ የትኛው ቅኝት ላይ እንዳላችሁ ግን አይነግሯችሁም። ከዚያ ዜማው ይገባል፣ ያጌጣል፣ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ እነዚያው የመጀመሪያዎቹ ኮርዶች ተመልሰው ይመጡና ሳያሳርፉ ይጠፋሉ። አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ከክፍሉ የወጣ ሰው ይመስላል። ሩቢንሽታይን ማዙርካዎቹን በዕድሜው ሦስት ጊዜ ቀድቷቸዋል፦ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያና በ1960ዎቹ አጋማሽ። ይህችን አንዷን በሦስቱም ስሙና ያ የሚለጠጠው ምት በየትኛው ዕድሜው ስንት እንደሚለጠጥ አወዳድሩ።

ቁጥሩን እንደ ዕድሜ ማንበብ

ይህ አጭር ነው። የሾፓን ፒያኖ ኮንሰርቶ ቁጥር 1፣ ያ ኢ ማይነሩ፣ የተጻፈው ከቁጥር 2 በኋላ ነው። ቁጥሩ የታተሙበት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ የጻፈው ይሄ ስለሆነ ነው እንዲህ የሆነው» እያላችሁ ኢ ማይነሩን አትተርጉሙት። ሁለቱንም የጻፋቸው ሃያ ዓመት አካባቢ ሆኖ፣ ከፖላንድ ሳይወጣ ነው። ዚመርማን በ1999፣ ሾፓን በሞተ በ150ኛ ዓመቱ፣ ለእነዚህ ሁለት ኮንሰርቶዎች ብሎ ከፖላንድ ወጣቶች ኦርኬስትራ አቋቁሞ ቀድቷቸዋል። ኦርኬስትራውን የሚመራውም እሱ ነው፣ ፒያኖውን የሚጫወተውም። ብዙ ሰው ሲዘገይ አይወደውም። እኔ እወደዋለሁ። በሌሎቹ ቅጂዎች ፒያኖውን አጅቦ ብቻ የሚያልፈው ኦርኬስትራ እዚህ ይናገራል።

ሹፍል ማድረግ

የሙዚቃ አፖች እያንዳንዱን ክፍል እንደ አንድ ዘፈን ነው የሚቆጥሩት። ሶናታ ግን አራት ዘፈን አይደለም። የሾፓንን ሁለተኛ ሶናታ ውሰዱ፣ ብሌሃች በ2023 ያወጣውን። ሦስተኛው ክፍል ሁሉም የሚያውቀው የቀብር ጉዞ ነው። አራተኛው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት መስመር እየሮጡ ያልፋሉ፣ ዜማ የሚባል ነገር ሳይዙ። ለብቻው ፕሌይሊስት ውስጥ ብታገኙት ምንድን ነው ይሄ ብላችሁ ትዘሉታላችሁ። ከቀብሩ በኋላ ወዲያው ሲመጣ ግን መቃብር ላይ የሚነፍስ ነፋስ ይሆናል። ሃያ አራቱ የሾፓን አጫጭር ሥራዎች፣ ፕሬሉዶቹም እንዲሁ ናቸው። ሁሉንም በተርታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ሌላም አለ። ክላሲካል ቅጂ በጣም ዝቅ ያለውንም በጣም ከፍ ያለውንም ድምፅ ይይዛል። ታክሲ ውስጥ በኢርፎን ስትሰሙ ዝቅ ያለው ይጠፋል፣ ድምፁን ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ከፍ ያለው መጥቶ ጆሯችሁን ይመታል። ጥፋቱ የቅጂው አይደለም። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ስሙት።

የድሮውን ድምፅ መሸሽ

ቫንዳ ላንዶቭስካ ዋርሶ ተወልዳ ሃርፕሲኮርድ የሚባለውን ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ከረሳንበት ያመጣችልን ሴት ናት። የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን የጎልድበርግ ቫሪየሽኖች በ1933 ቀዳቻቸው፤ በሃርፕሲኮርድ የተቀዱት የዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አዎ፣ ሽሽ ይላል። አምስት ደቂቃ ታገሡት። ጆሮ ይለምዳል፣ ሽሽታው ወደ ኋላ ይቀራል፣ እሷ ትቀራለች።

ሁለተኛው የድሮ ድምፅ ደግሞ ከአዲስ ቅጂ የሚመጣ ነው። ዋርሶ ያለው የሾፓን ተቋም በሾፓን ዘመን የተሠሩ ፒያኖዎች አሉት፣ የ1848 ፕሌየልና የ1849 ኤራር፤ ሁለቱም የፒያኖ ሠሪዎች ስም ናቸው። በእነሱ ብዙ አልበሞች አስቀድቷል። ኦሌይኒቻክም በድሮ ፒያኖዎች ቀድቷል። በ2018 ለእነዚህ ፒያኖዎች ብቻ የተለየ ውድድር ተጀመረ፣ የመጀመሪያው አሸናፊም ቶማሽ ሪተር የሚባል ወጣት ፖላንዳዊ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ አልበም ስከፍት ኢርፎኔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ቀጠን ይላል፣ ቶሎ ይሞታል። ግን ያ ቶሎ መሞቱ ነው ምሥጢሩ። ግራ እጅ ቀኙን አይሸፍነውም፣ ፈጣን ቦታዎች ላይ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይሰማል።

ትልልቆቹን ኩባንያዎች ብቻ መከተል

ዚመርማንና ብሌሃች የሚቀዱት ለጀርመኑ ዶይቸ ግራሞፎን ነው፣ ስለዚህ በቀላሉ ይገኛሉ። የብዙ ወጣት ፖላንዶች የመጀመሪያ ዲስክ ግን እዚያ የለም። ዱክስ፣ ሲዲ አኮርድና የሾፓን ተቋም ራሱ የሚያሳትማቸውን ፈልጉ። አፑ ላይ የተጫዋቹን ስም ትታችሁ የአሳታሚውን ስም ብትጽፉ፣ ሰምታችሁት የማታውቁት ሰው ይመጣላችኋል። ቫዮላ፣ ክላርኔት፣ አኮርዲዮን የሚጫወት።

ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ማለት

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ሲማሩ ያስተማራቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ኋላም አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መርቷል።

ዛሬ ማታ አንድ የእማሆይ ፒያኖ ክፈቱ። ሲያልቅ ምንም ሳታቋርጡ ያችን ኦፐስ 17 ቁጥር 4 አስከትሉ። ቀኝ እጁ ዘግየት ሲልና ግራው ሲጠብቀው ስሙ።