ቡችላን ለቆቅ አደን ማሠልጠን፦ ከሐምሌ እስከ ቀጣዩ መስከረም

በጎጃም ወይና ደጋና ቆላ ለመዝናናት የሚያድን ሰው ቡችላ ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በመቸኮሉ ነው። ውሻው ጥርሱን ቀይሮ ሳይጨርስ ጠመንጃ አንግቶ ወደ ገደል ጠርዝ ይወስደዋል፤ ቆቋ ትነሣለች፣ ቡችላው ይከተላታል፣ የሚቀጥለው ዓመትም ያንን ልማድ በማስጣል ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ጠመንጃ የሌለበት፣ ለውሻው አፍንጫና አቋም፣ ማለትም ወፍ ሲሸተው ሳያሳድድ ቆሞ ለመጠበቁ፣ ብቻ የተተወ እንዲሆን እመክራለሁ። አደኑ ራሱ ሕግ አለው፦ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል። ፈቃዱን ሳያገኙና የአካባቢውን ጸጥታ ከነዋሪው ሳይጠይቁ መሣሪያ ይዞ መውጣት አይገባም። ያለ መሣሪያ ግን ከዚህ በታች ያለው ሥልጠና ከሞላ ጎደል በሙሉ ሊሠራ ይችላል።

ሁለት ወር የሞላው ቡችላ ሐምሌ ላይ ቢገባ ወራቱ ይመቹታል፤ ጥቅምት ላይ አምስት ወር፣ ጥር ላይ ስምንት ወር ይሆነዋል። የፓርቮና የመሳሰሉት በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በሦስት ወሩ ይሰጠዋል። ይህ ሳያልቅ ቡችላውን ብዙ ውሻ በሚውልበት ገበያና ቄራ አካባቢ አያንሸራሽሩት።

ክረምቱ የቤት ትምህርት ነው፤ የቤት ትምህርት ሲባልም በእኛ አገር ከሁሉ በፊት ዶሮ ማለት ነው። ወፍ እንዲያሳድድ የተፈጠረ ውሻ ግቢ ውስጥ ስትጭር የምትውል ዶሮና ቆቅ ልዩነታቸው አይታየውም። የእኔው በአራት ወሩ የጎረቤትን እንቁላል ጣይ ዶሮ በጳጉሜን ገደለብኝ፤ ለዘመን መለወጫ የታሰበች ስለነበረች ዋጋዋን ከፍዬም ቅሬታው አልበረደም። ከዚያ ወዲህ ቡችላውን በአጭር ገመድ ይዤ ዶሮዎቹ ጥሬ በሚለቅሙበት ቦታ በየቀኑ አሥር ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ፤ ዓይኑን ከእነርሱ አንሥቶ ወደ እኔ በመለሰ ቁጥር ቁራሽ እሰጠዋለሁ። ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

የትእዛዝ ቃላት ምርጫም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቁም»፣ «ና» እና «አምጣ» ይበቃሉ። «ያዝ» የሚለውን ፈጽሞ አያስተምሩት፤ መንገድ ላይ የሚያገኙት እረኛ ልጅ ሁሉ ለጨዋታ «ያዝ! ያዝ!» እያለ ውሻውን በሌላ ውሻ ወይም በፍየል ላይ ያሰማራበታልና። ሲጠሩት የመጣ ውሻ፣ ዘግይቶም ቢመጣ፣ አይመታም፤ ከተመታ የሚማረው አለመምጣትን ነው።

ከመስቀል በኋላ ሜዳው ይከፈታል። እንደ ፖይንተር ያሉ ለወፍ አደን የተዳቀሉ ዘሮች ወፍ ሲሸታቸው አንድ የፊት እግራቸውን አንሥተው ግትር ብለው መቆም በደማቸው አለ፤ የሐበሻ ውሻ ግን ያሸታል እንጂ እንዲህ አይቆምም፣ ስለዚህ ከእርሱ ጋር «ቁም» የሚለው ትእዛዝ ሥራውን ሁሉ ይሸከማል። የቆቅ ክንፍ ካለ በሲባጎ ከረጅም ሸምበቆ ጫፍ አሥረው ከቡችላው ፊት ያንቀሳቅሱ፤ ሲቆም ያመስግኑት። ይህን ግን ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በላይ አይደጋግሙት፤ ውሻው በዓይኑ ማደን ከለመደ አፍንጫው ይሰንፋል። ከዚያ በኋላ ክንፉን ሣር ውስጥ ሸሽገው አሥር ሜትር በሚሆን ገመድ እያስከተሉት ነፋስን ፊት ለፊት እንዲቀበል አድርገው ይምሩት። ነፋሱን ከኋላው አድርጎ የሚሄድ ውሻ የወፏ ሽታ ሳይደርሰው ይረግጣታል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ይሆናል።

የነፋሱን ሰዓት ከሁሉ የሚያውቀው አውድማ ላይ ያለ ገበሬ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጤፍ የሚያዘራው ሰው መንሹን ይዞ ቆሞ የሚጠብቀው ይህንኑ ነፋስ ስለሆነ፣ ዛሬ ከየት በኩልና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ቢጠይቁት ይነግርዎታል። ሽታ የሚሻለው ግን ነፋሱ ሳይበረታ፣ ጤዛው መሬት ላይ ሳለ ነው። እኔ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወጥቼ ከሦስት ሰዓት በፊት እመለሳለሁ። በጥቅምት ያልታጨደ ጤፍ ውስጥ ውሻ ማስገባት ነውር ነው፤ የረገጠው ይተኛል፣ የተኛውን ማጨድም መከራ ነው። አንድ አዛውንት በማሳቸው ዳር ሲያገኙኝ «አያ፣ ገመዱን አሳጥረው፤ እህሌ ውሻህን አላስቀየመው» አሉኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀድሜ ሰላምታ ሰጥቼ፣ አስፈቅጄ ብቻ አልፋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ ቆቅ ቢሞላውም አይገባበትም፤ ውሻ ወደ ቅጥሩ መጠጋት የለበትም።

ከአጨዳ በኋላ ቃርሚያውን ፍለጋ ቆቆች ማለዳ ከቁጥቋጦ ወደ ገለባው ይወርዳሉ። ቆቅ ከመብረር ይልቅ መሮጥ ስለምትመርጥ ውሻው ቆሞ ሳለ እርሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ ቡችላው እንዲጠብቅ ማስተማር የሚያደክመውም እዚህ ላይ ነው። ገመዱን ረግጠው «ቁም» ይበሉ፣ ራስዎ በጎን ዞረው ወፏን ያስነሡ፣ በርራ እስክትጠፋም ውሻው ከቦታው አይነቃነቅ። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ በመንጋ የሚሄደው ጅግራ ይበዛል፤ ዝንጀሮና ነብርም ስላሉ ውሻው ከእይታ መራቅ የለበትም። ቤት ሲገቡ በጣቶቹ መካከልና በጆሮው ውስጥ የገባውን የሣር ጉንጉን፣ ጭጎጎትና መዥገር ይልቀሙለት።

የተኩስ ድምፅ የተለየ ጉዳይ ነው። ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ፣ በየሠርጉም ጥይት የሚተኮስ በመሆኑ፣ የመጀመሪያ ውሻዬ ሳይዘጋጅ ከጆሮው አጠገብ ተተኮሰበትና ጎታ ሥር ገብቶ እስከ ማግስቱ አልወጣም፤ ከዚያም በኋላ ጠመንጃ ሲያይ ይሸሽ ነበር። ስለዚህ ቡችላዎን ሠርግ አይውሰዱት። ድምፅ የሚለምደው እህል እየበላ ነው፤ መጀመሪያ በሩቅ የብረት ድስት ክዳን ይመታል፣ ደንገጥ ካላለ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቀረባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ የማይበላበት፣ ስለዚህም አደን የማይታሰብበት ጊዜ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ የቤት ሥራ ይመቻል። በዚሁ ወቅት ሙቀቱ ይጠነክራል፤ ውሻ ራሱን የሚያበርደው በዋናነት በማለክለክ ነው። ምራቁ ወፍሮ ሲዝረበረብ ወይም አካሄዱ ሲንገዳገድ ካዩ ወዲያውኑ ጥላ ሥር አስገብተው ሆዱን፣ ብሽሽቱንና መዳፉን በውኃ ያርሱት፤ ውኃውንም ጥቂት ጥቂት ያጠጡት።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጫጩት የምታስከትል ቆቅ ካገኙ ውሻውን ጠርተው ይመለሱ። ክረምቱ ሲያልፍና መስከረም ሲጠባ ውሻው ዓመት አልፎታል፤ ፈቃድዎም በእጅዎ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ወፍ ትበቃለች። ከወደቀች በኋላ ነፍሷ ሳይወጣ መታረድ ስላለባት «አምጣ» ሲሉት ፈጥኖ፣ ሳይነክስ እንዲያመጣ አስቀድመው በጨርቅ ኳስ ያለማምዱት። ውሻው ሳይቆም ተወርውሮ ወፏን ካስነሣ ግን አይተኩሱ፤ ወፏ ትሂድ። ገመዱን ይዘው መቆም ወደነበረበት ቦታ ይመልሱት፣ እዚያው «ቁም» ብለው ያቁሙት፣ ለዚያ ቀን ወደ ቤት ይመለሱ።