ኤንፒ ከኒውክለስ አልወጣ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ምልክት፦ በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በተያዙ ሴሎች፣ ኢንፌክሽኑ 8 ሰዓት ሞልቶት ኤንፒ (የቫይረሱን አርኤንኤ የሚጠቀልለው ፕሮቲን) አሁንም ኒውክለስ ውስጥ ተከማችቷል።

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ምስሉ እንደታየ «መድኃኒቱ ሲአርኤም1ን (ፕሮቲኖችን ከኒውክለስ የሚያስወጣውን የሴሉ አጓጓዥ) ዘጋው» ተብሎ ይጻፋል። ቆይ! ኤንፒ በር ላይ ስለደረሰ ብቻ አይወጣም። አርኤንፒው (ኤንፒ፣ የቫይረሱ አርኤንኤና አርኤንኤውን የሚቀዳው ፖሊሜሬዝ አንድ ላይ) የቫይረሱን ፕሮቲን ኤም1ን ይይዛል፣ ኤም1 ሌላውን የቫይረሱ ፕሮቲን ኔፕን፣ ኔፕ ደግሞ ሲአርኤም1ንና አጋሩን ራን-ጂቲፒን። ኤም1ና ኔፕ በብዛት የሚመረቱት ዘግይተው ነው። ስለዚህ የቫይረሱን እድገት ያዘገየ ማንኛውም ነገር መውጫውን የዘጋ ይመስላል። ፖሊሜሬዝን የሚያዳክም መድኃኒት ከመጀመሪያው ከተጨመረ ኤንፒ በየኒውክለሱ ይቀራል፤ ያው መድኃኒት 5ኛው ሰዓት ላይ ቢጨመር ግን ኤንፒ እንደወትሮው ሊወጣ ይችላል። ሲአርኤም1ን የነካው ነገር የለም።

ሌላው የተለመደ ጉድ፦ በአንድ ምስል ላይ ግማሹ ሴል ኒውክለሱ ደምቆ፣ ግማሹ ሳይቶፕላዝሙ። ይህ ግኝት ሳይሆን የኤምኦአይ (ለአንድ ሴል በአማካይ የሚደርሰው የቫይረስ ብዛት) ስህተት ነው። በኤምኦአይ 1 ከሴሎቹ 37 በመቶ ያህሉ ቫይረስ አይደርሳቸውም፤ እነሱ በሁለተኛ ዙር ሲያዙ ሰዓታቸው ከሌሎቹ ይለያል። በ3 ያልተያዙት ወደ 5 በመቶ ይወርዳሉ፣ በ5 ከ1 በመቶ በታች።

መፍትሄ፦ ኤምኦአይ ከ3 እስከ 5 ይሁን። ሴሎቹን ያለ ሴረም በረዶ ላይ አቀዝቅዛችሁ ቫይረሱን ለ1 ሰዓት አስይዙ፣ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ ሁለት ጊዜ እጠቡ፣ 37 ዲግሪ የሞቀ ሚዲየም ጨምሩ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚህ ነው፤ ቫይረሱ ከፈሰሰበት ደቂቃ አይደለም! ትሪፕሲን አትጨምሩ። በ3፣ 5፣ 7 እና 9 ሰዓት ሴሎቹን ፊክስ አድርጉ (በኬሚካል ባሉበት አስቀሩ)። በጎን የኤም1ን መጠን በዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ) እዩ፤ ኤም1 ከሌለ ስለ መውጫ ማውራት ከንቱ ነው።

ለማነጻጸሪያ 3ኛው ሰዓት ላይ ሲአርኤም1ን የሚዘጋውን ሌፕቶማይሲን ቢ ወደ 10 ናኖሞላር ጨምሩ። ሌላው የሴል ማሳደጊያ ጉድጓድ ሌፕቶማይሲኑ የሟሟበትን አልኮል ብቻ በእኩል መጠን ያግኝ። ሌፕቶማይሲኑ መሥራቱን ራንቢፒ1 የተባለው የሴሉ ፕሮቲን ይነግራችኋል፦ ወትሮ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው፣ ሲአርኤም1 ሲዘጋ ኒውክለስ ውስጥ ይከማቻል። ካልተከማቸ ብልቃጡን ጣሉት። ደጋግሞ እየቀለጠ የሚቀዘቀዝ ሌፕቶማይሲን ይዞ ውጤት መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ደግሞም ከሲአርኤም1 ሲስቴይን 528 (528ኛው አሚኖ አሲድ) ጋር ጠበቅ ብሎ ስለሚተሳሰር «አጥቤ አስለቅቀዋለሁ» አይሰራም።

ምልክት፦ ሳይቶፕላዝሙ ደምቆ ኒውክለሱ ባዶ።
ሴሉን በዲጂቶኒን (የውጭውን ሽፋን ብቻ በሚበሳ ሳሙና መሰል ነገር) ብቻ ከከፈታችሁ አንቲቦዲው የኒውክለሱን ሽፋን አያልፍም። መፍትሄ፦ የኒውክለሱንም ሽፋን የሚከፍተው ትራይተን ኤክስ-100፣ 0.2 በመቶ፣ 10 ደቂቃ።

ምልክት፦ ምልክተ-መግቢያው (ወደ ኒውክለስ የሚያስገባው የፕሮቲኑ ክፍል) የተቆረጠ ኤንፒ አሁንም ኒውክለስ ይገባል።
ከአሚኖ አሲድ 198 እስከ 216 ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ ይሆናል፤ በኤን ጫፉ (በፕሮቲኑ መጀመሪያ) ከ3 እስከ 13 ያለውም ወደ ኒውክለስ ከሚያስገባው ኢምፖርቲን አልፋ ጋር ይያያዛል። ቁራጩን ከጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) ጋር ካጣመራችሁት ደግሞ መጠኑን አስሉ፦ ጂኤፍፒ 27 ኪሎዳልተን ነው፣ ከ40 በታች የሆነ ነገር በራሱ ይንሸራተታል። ሁለት ጂኤፍፒ አያይዙበት።

ምልክት፦ በፑል-ዳውን (ኤንፒን ስቦ የተያያዘውን በሚያሳይ ሙከራ) ሁሉም ነገር ከኤንፒ ጋር ይመጣል።
የሚያገናኛቸው አርኤንኤ ነው። አርኤንኤን የሚቆራርጠውን አርኤንኤዝ ኤ ጨምራችሁ ድገሙት።

ምልክት፦ ሴል ውስጥ ብቻውን እንዲመረት የተደረገ ፒኤ (አንዱ የፖሊሜሬዝ ክፍል) ኒውክለስ በደንብ አይገባም።
ሌላው የፖሊሜሬዝ ክፍል ፒቢ1 አብሮት እንዲመረት አድርጉ፤ ሁለቱ ተጣምረው በአስገቢው ፕሮቲን ራንቢፒ5 ይገባሉ።