«እኔ ማን ነኝ?»፦ ራስን የመመርመር ተመስጦ በራማና ማሃርሺ አካሄድ

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ከአሩናቻላ ተራራ ሥር ቲሩቫናማላይ የምትባል ከተማ አለች። የሕንድ መንፈሳዊ መምህሩ ራማና ማሃርሺ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በ16 ዓመታቸው፣ ከቤተሰባቸው ተደብቀው እዚያ ገቡ፤ በ1950 እስኪያርፉ ድረስም ከዚያው አልራቁም። በ1901 ገደማ ሲቫፕራካሳም ፒላይ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ከተራራው ላይ ዋሻቸው ድረስ ወጥቶ ጥያቄዎች አቀረበላቸው። በዚያ ዘመን አይናገሩም ነበርና በምልክትና በጽሑፍ መለሱለት። ምልልሱ በኋላ «ናን ያር» በሚል ርእስ ታተመ፤ «እኔ ማን ነኝ» ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር መሠረቱ እሱ ነው።

አብዛኛው ሰው ዘዴውን የሚስተው ገና ከጅምሩ ነው። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ወይ እንደ ጸሎት ይደጋግመዋል፣ ወይ ቁጭ ብሎ መልስ ያወጣለታል። ሁለቱም አይደለም። የጥያቄው ሥራ ትኩረትን ከሚታሰበው ነገር አንስቶ ወደሚያስበው መመለስ ብቻ ነው።

ከመቀመጥ በፊት የሐሳቡን መሠረት መያዝ ይጠቅማል። ትምህርቱ የሚመደበው አድቫይታ ቬዳንታ በሚባለው የሂንዱ ፍልስፍና ነው፤ በዚህ ፍልስፍና የሰው እውነተኛ ማንነት (አትማን) እና የሁሉ መሠረት (ብራህማን) አንድ ናቸው። ይህን እንዲያምኑ አይጠበቅብዎትም። የሚያስፈልገው «የሚታየው ነገር ተመልካቹ አይደለም» የሚለውን የቬዳንታ መለያ በራስ ላይ መሞከር ነው። እጅዎን ይመልከቱ፤ የሚያየው ዓይን ነው። ዓይንዎ ሲደክምና ሲደበዝዝ ግን ያንን የሚያውቅ ሌላ አለ፤ አእምሮ እንበለው። አእምሮዎ ሲረበሽ፣ ሲያዝን፣ ሲሰለች ደግሞ እሱም ይታወቃል። ለማን? እዚህ ላይ ቃል ሳይፈልጉ ጥቂት ይቆዩ። ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን 5 ደቂቃ ይህን ብቻ ማድረግ ይበቃል።

ሌላው ማስረጃ እንቅልፍ ነው። 12 አንቀጽ ብቻ ያለው ማንዱክያ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱስ ጽሑፍ ንቃትን፣ ሕልምንና ጥልቅ እንቅልፍን አንድ በአንድ ይመረምራል። በጥልቅ እንቅልፍ ስምዎ፣ ሥራዎ፣ ዕዳዎ የለም፤ ሲነቁ ግን «ጥሩ ተኛሁ» ይላሉ። ቬዳንታዎች «ስለዚህ ያኔም የነበረ አንድ ነገር አለ» ይላሉ። ኒያያ የተባለው የሕንድ የሎጂክ ትምህርት ቤት ፈላስፎች ደግሞ ይህ ከነቃን በኋላ የምንገምተው እንጂ የቀመስነው አይደለም ብለው ተሟግተዋቸዋል፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ለልምምዱ ግን ማን እንደረታ መወሰን ግድ አይልም።

አሁን ወደ መቀመጡ። ጠዋት፣ ስልክ ሳይነኩና ቁርስ ሳይበሉ፣ 20 ደቂቃ ይያዙ። ወንበር ላይ ወይም መሬት ላይ፣ ወገብ ቀጥ ብሎ፣ ጭንቅላት ሳይደገፍ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ደቂቃዎች ትንፋሽዎን ዝም ብለው ይከታተሉ፤ አይያዙት፣ አያስረዝሙት። ራማና ትንፋሽን መቆጣጠር አእምሮን ለጊዜው ጸጥ ያደርገዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም ብለዋልና እዚያ ላይ አይቆዩ።

ቀጥሎ «እኔ» የሚለውን ስሜት ይያዙ። «እኔ ደክሞኛል»፣ «እኔ አስተማሪ ነኝ»፣ «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ» በሚሉት ሁሉ ውስጥ የማይለወጠው የመጀመሪያው ቃል ነው። ተከታዩን ይተዉና «አለሁ» ከሚለው ስሜት ጋር ይቀመጡ።

ሐሳብ ይመጣል፤ መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ለምሳሌ በሰባተኛው ደቂቃ ላይ «ነገ የቤት ኪራይ አለብኝ» የሚለው ይነሳል። አይግፉት፣ አይከተሉትም። «ይህ ሐሳብ የመጣው ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ለእኔ» የሚለው ራሱ ይመጣል። «እኔስ ማን ነኝ?» ይበሉና ዝም ይበሉ። ትኩረቱ ከኪራዩ ወደ ተጨነቀው ሰው ሲዞር ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ምንም የማይታሰብበት ክፍተት ይከፈታል። ልምምዱ ያ ነው። ክፍተቱ ሳይዘጋ እንደገና መጠየቅ ራሱ ሌላ ሐሳብ መጫን ስለሆነ ቀጣዩ ሐሳብ እስኪመጣ አይጠይቁ። መጀመሪያ ላይ በአንድ መቀመጫ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቢመላለሱ አይገርምም። ራማና ጥያቄውን የሬሳ እሳት በሚቆሰቆስበት እንጨት መስለውታል፤ መጨረሻ ላይ እሱም አብሮ ይቃጠላል።

የሚበላሸው የት ነው? በብዛት ግንባር ላይ። ሰው «እኔ»ን በዓይኑ እንደሚፈልግ ሁሉ ዓይኑን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ቅንድቡን ይቋጥራል፣ ከዚያ ራስ ምታት። መንጋጋዎን ያላሉ፣ አንዴ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። ራማና ስለ መንፈሳዊው ልብ ሲናገሩ በደረት ቀኝ በኩል ነው ማለታቸውን የሰሙ ደግሞ ደረታቸው ላይ ነጥብ ይዘው ያተኩራሉ። ነጥቡም የሚታይ ነገር ነው፤ ተመልካቹ አይደለም።

ድንዛዜ ከዚህ የከፋ ነው፤ ጥሩ ስለሚመስል። ሐሳብ ይጠፋል፣ ሰዓቱ ሳይታወቅ ያልፋል፣ ሲነሱ ግን ብርሃን ሳይሆን ድብርት ነው የሚሰማዎት። ይህ የአእምሮ ጊዜያዊ መተኛት ነው፤ ራማና ደጋግመው አስጠንቅቀውበታል። ዓይንዎን ይክፈቱና «ይህን ጸጥታ የሚያውቀው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ካልሆነ ተነስተው ቀስ ብለው ይራመዱ። ከባድ እራትና የእንቅልፍ እጦትም ያመጡታል፤ «ናን ያር» ራሱ ንጹሕና መጠነኛ ምግብ ይመክራል። ብርሃን ቢያዩ፣ ድምፅ ቢሰሙ ጥያቄው ያው ነው፦ ለማን ታየ?

አንዳንዱ «እኔ ብራህማን ነኝ» ብሎ ከመጽሐፍ ያነበበውን መልስ ይሰጥና ይረካል። እሱም ሐሳብ ነው፤ ከኪራዩ ሐሳብ የሚለየው ማማሩ ብቻ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ዓለም ወይም የገዛ ሰውነታቸው እውነት አልመስል የሚላቸው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወይም ከጽኑ ድንጋጤ ያላገገሙ ሰዎች ይህን ልምምድ ብቻቸውን አይጀምሩት። «እኔ»ን መፍታት ለጤነኛ ሰው ነፃነት ሲሆን ለእነሱ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

ከመቀመጫ ሲነሱ ልምምዱ አያቆምም። ራማና ሥራውን ትቶ መመነን እንደሚፈልግ ለነገራቸው ሰው ያለበት ሆኖ እንዲመረምር ይመክሩት ነበር፤ እሳቸውም ለዓመታት ሳይነጋ ተነስተው በአሽራማቸው (ተከታዮቻቸው በሚኖሩበት መንፈሳዊ ማዕከል) ወጥ ቤት አትክልት ይከትፉ ነበር። ታክሲ ሲጠብቁ ወይም ሰው ሲያስቀይምዎ «የተቀየመው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በደልን ዝም ብሎ ለመዋጥ ሰበብ እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ፤ ከውስጥ እየመረመሩ በአፍ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ይቻላል።

ከወር ሁለት ወር በኋላ ጥያቄው አፍ ላይ ብቻ ከቀረ በግድ አይግፉበት። ራማና ለብዙዎች የአምላክን ስም መደጋገምን ወይም ራስን ለአምላክ ማስረከብን ይፈቅዱ ነበር። 10 ደቂቃ የሚወዱትን ስም ይድገሙ፤ ሲረጋጉ ድምፁን ይተዉና የሚደግመው ማን እንደሆነ ይከታተሉ።