ፍሎክስን በጓሮ እንዴት እናሳድግ?

ፍሎክስ አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ ከሥሩ እያቆጠቆጠ የሚያብብ ተክል ነው። የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን በየግቢው በብዛት የሚታየው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መሬት ለመሬት የሚሳበውና ቁመቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፈው ነው፤ እሱ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ካገኘ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። እዚህ የምናወራው ስለ ረጅሙ፣ ከ60 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድገው፣ አናቱ ላይ ሰፊ የአበባ ዘለላ ስለሚይዘውና አካባቢውን በመዓዛው ስለሚያውደው ፍሎክስ ነው። ይህንን ማጽደቅ አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ከጸደቀ በኋላ፣ እየተባዛ ሲሄድና ሲተፋፈግ ነው።

ከመትከላችሁ በፊት ቦታውን ምረጡ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ ምርጫ ካላችሁ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበትን ስፍራ ስጡት። አፈሩ እርጥበት የሚይዝ፣ ውኃ ግን የማይተኛበት ይሁን፤ ኮምፖስት በደንብ ከተቀላቀለበት ይበቃል። ግድግዳና አጥር ጥግ፣ አየር በማይላወስበት ቦታ ባትተክሉት ይሻላል።

ችግኝ ስትገዙ አበባውን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የፍሎክስን ቅጠል የሚያጠቃውን ነጭ ሻጋታ በመቋቋም የታወቁ ዝርያዎች አሉ። ነጭ አበባ ያለው «ዴቪድ» በአሜሪካ የቋሚ ተክሎች ማኅበር የ2002 (እ.ኤ.አ.) የዓመቱ ተክል ተብሎ የተመረጠ ነው። «ጂና» የሚባለው ደግሞ በቴነሲ ግዛት በወንዝ ዳር ተገኝቶ የተስፋፋ ሲሆን፣ አበባው ደቃቅ ቢሆንም ቢራቢሮ አይለየውም። ለጀማሪ ከሁለቱ በአንዱ መጀመር ይሻላል እላለሁ።

ሲተከል ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ ቆፍሮ፣ ችግኙን በፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት መትከልና ውኃ ማጠጣት ነው። በችግኝና በችግኝ መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ተዉ። መጀመሪያ ላይ መሬቱ ባዶ መስሎ ዓይን ይከብዳል፤ ሆኖም ክፍተቱን በሌላ ፍሎክስ ለመሙላት አትቸኩሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ሥራ እንምጣ፤ ማሳሳት ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ከአንድ ሥር ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ሁሉም ለምለም ስለሆነ ለመቁረጥ ያሳዝናል። ቁመታቸው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጎንበስ ብላችሁ በእጃችሁ ፈልቀቅ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ። ዳር ዳር ያሉት ወፍራምና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ መሃል የተሸጎጡት ቀጫጫ፣ ቅጠላቸው ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ብርሃን የሚንጠራሩ ናቸው። ጠንካሮቹን ከ5 እስከ 7 ያህል አስቀርታችሁ የቀሩትን ከአፈሩ አፍ ላይ ቁረጡ። አትንቀሉ፤ ሲነቀል ለጥቆ የሚወጣውን እንቡጥ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ሥራ ትልቁ የመግረዣ መቀስ አይመችም፣ በግንዶቹ መካከል አይገባም። ስለታም የሆነ ተራ መቀስ ይበልጣል።

ስትጨርሱ እጃችሁ ቅጠል ሳይቀጥፍ በግንዶቹ መካከል ማለፍ አለበት። ለሳምንት ያህል የተላጨ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን የቀሩት ይወፍራሉ፣ የአበባ ዘለላቸውም ይሰፋል። ዋናው ጥቅሙ አየሩ ነው። የፍሎክስ ዋነኛ በሽታ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ነጭ ሻጋታ ነው። ብዙዎች የሚመጣው ከዝናብ ይመስላቸዋል፤ ይህ ሻጋታ ግን የራሰ ቅጠል አያስፈልገውም። የታፈነና የረጠበ አየር ካገኘ፣ ሥሩም ውኃ ከተጠማ፣ ደረቅ ቅጠል ላይም ይስፋፋል። ስለዚህ ከሥሩ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ፤ ዝናብ በሌለበት ሳምንት 2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝናብ የሚተካ ውኃ ይበቃዋል። ዙሪያውንም በጉዝጓዝ ሸፍኑት፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።

ሻጋታው ከታየ የታመሙትን የታች ቅጠሎች ለቅማችሁ አስወግዱ። ነጭ የሆነ ቅጠል በምንም መድኃኒት አይመለስም። የቤት ሶዳ በውኃ በጥብጦ መርጨት በሰፊው ይመከራል፤ እኔ ብዙም አልተማመንበትም። ፖታሲየም ባይካርቦኔት ወይም ድኝ፣ ምልክቱ ገና ብቅ ሲል ከተረጨ፣ የተሻለ ይሠራል። ድኝን በጠራራ ፀሐይ አትርጩ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

አበባው ሲጠወልግ ዘለላውን ቁረጡት። ከጎኑ ትንንሽ አበባ ሊያወጣ ይችላል። ካልቆረጣችሁት ዘሩ እሥሩ ረግፎ ይበቅላል፣ የበቀለው ደግሞ እናቱን አይመስልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደማቅ ወይን ጠጅ ያደላል፣ ጉልበተኛም ስለሆነ የተከላችሁትን ያፍነዋል። «ነጩ ፍሎክሴ ቀለሙን ቀየረ» የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ያልተከላችሁት ችግኝ ካያችሁ በለጋነቱ ንቀሉት።

በየ3 ወይም 4 ዓመቱ ቀንበጡ ብቅ ሲል ሙሉውን በአካፋ አውጥታችሁ ከፋፍሉት። መሃሉ እንጨት ሆኖ ስለሚደርቅ ይጣል፤ ከዳር ያሉትን ከ3 እስከ 5 ቀንበጥ ከነሥሩ በያዘ ክፋይ መልሳችሁ ትከሉ። አካፋው ካልተሳለ ሥሩን ይጨፈልቀዋል።

የጫፍ ቅጠሎች ክር መስለው ከቀጠኑና ከተጠማዘዙ፣ ግንዱም ካበጠና ከተሰነጠቀ፣ ያ ኔማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ ትል ነው። እንዲህ ዓይነቱን ተክል አትከፋፍሉ፣ ወደ ኮምፖስትም አትጨምሩ። የምትወዱት ዝርያ ከሆነ ግን ማዳኛ አለው፤ ትሉ የሚኖረው ግንድና ቅጠል ውስጥ እንጂ ሥር ውስጥ አይደለም። ተክሉ በሚያርፍበት የብርድ ወቅት ወፈር ያለ ሥር ወስዳችሁ በደንብ እጠቡ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እያደረጋችሁ ቁረጡ፣ በንጹሕ አፈር ላይ አጋድማችሁ በስሱ አልብሷቸው። የሚበቅለው ከትሉ ነፃ ይሆናል፤ ቀድሞ ተክሉ የነበረበት ቦታ ላይ ብቻ አትመልሱት። ቅጠላቸው ነጭና አረንጓዴ የተቀላቀለባቸው ዝርያዎች ግን በሥር ሲባዙ ነጩን ስለሚያጡ፣ እነሱን ከጤነኛ ተክል በመከፋፈል ብቻ አባዙ።