ሰው ሠራሽ ፀጉር የተተከለበት ቆዳ ሲቆጣ

ሰው ሠራሽ ፀጉር እንደ ፖሊአሚድ ካሉ ፕላስቲኮች የሚሠራ ቀጭን ክር ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቋጠሮ ከቆዳው ሥር ገብታ ክሩን ትይዘዋለች። ክሩ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ግን ቆዳው ዙሪያውን ጥብቅ ብሎ አይዘጋም። እያንዳንዱ ክር ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ክር ያገደውም እንዲህ ያለ ጉዳት አይቶ ነው።

በተከላው ሰሞን መቅላትና ማበጥ። ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ከሄደ ክሩ የተተከለበት መርፌ ጉዳት ነው፤ ይድናል። ከባሰበት ሐኪም ይየው።

ክሩ ሥር ነጭ ወይም ቢጫ ጠጣር ነገር። የቆዳ ቅባትና የሞተ ቆዳ ተጠራቅሞ ነው። ለስላሳ ሻምፑ ይረዳል። ካልለቀቀ ሐኪም በመሣሪያ ያወጣዋል። በጥፍር አትፈልፍሉት፤ ቁስል ትከፍታላችሁ።

መግል፣ ሕመም፣ የሚያቃጥል ቆዳ። ኢንፌክሽን ነው። ከመግሉ ናሙና ተወስዶ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መድኃኒቱን ሲጨርስ ይሻለዋል፣ ከዚያ ያገረሽበታል፣ ሌላ መድኃኒት ይለውጣል። ክሩ እዚያው ካለ በሩም ክፍት ነው። እዚያው ቦታ ላይ ከተመላለሰ ክሮቹ መውጣት አለባቸው። ትኩሳት ካለ ወይም እብጠቱ ወደ ፊት ከወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከወራት በኋላ የሚወጣ፣ መግል የሌለው ጠንካራ እብጠት። ግራኑሎማ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገሩን ማጥፋት ሲያቅተው ይከበዋል። ክሩ ይወጣል፤ አንዳንዴ ስቴሮይድ (የሰውነት መከላከያን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) በመርፌ ይሰጣል። ኢንፌክሽን አለመኖሩ ግን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ ስቴሮይድ ኢንፌክሽንን ያባብሳል።

ክሩ መርገፍ ወይም መበጠስ። የረገፈውን ብርሃን ላይ ያዙና ጫፉን እዩ። ቋጠሮው አብሮ ከወጣ ጥሩ። ጫፉ ባዶ ከሆነ ቋጠሮው ውስጥ ቀርቷል፤ ኋላ ላይ ቢቆጣ በትንሽ ቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። በእጃችሁ አትጎትቱ የምለው ለዚህ ነው። የፀጉር ማድረቂያና የካውያ ሙቀትም ክሩን ያበላሸዋል።

ገና ላላስተከላችሁ፦ በመጀመሪያ ጥቂት ክሮች ብቻ ተተክለው ለሳምንታት ይታዩ። ይህ ሙከራ ዘግይቶ የሚመጣውን ቁጣ አያሳይም፤ ግን ቶሎ የሚቆጣውን ቆዳ ይለያል። ያልተስተካከለ ስኳር፣ የተዳከመ የሰውነት መከላከያ፣ የጭንቅላት ቆዳ በሽታ ወይም ጠባሳው የሚያብጥ ቆዳ ያለው ሰው ቢቀርበት ይሻላል።

ክር ወጥቶ ቦታው ከሳሳ ደግሞ ቆዳው እንደተቆጣ አዲስ አታስተክሉበት። መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ።