ቺፑ ተኝቶ ባትሪው ለምን ያልቃል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ በሚተኛ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም በሚያሄድ ትንሽ ቺፕ) በተሠራ ዕቃ ላይ ለዓመታት ይቆያል ብለው ያሰሉት ባትሪ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ሰው ወደ ኮዱ ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የማገላብጠው ቦርዱን ነው።

ቺፑ ተኛ ማለት ቦርዱ ተኛ ማለት አይደለም፤ ትልቁ ስህተት ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ በጥልቅ እንቅልፍ ጥቂት ማይክሮአምፔር ብቻ ቢወስድም፣ በርካሽ የመለማመጃ ቦርዶች ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ አስተካካይ፣ ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር፣ ለራሱ ብቻ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል። 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ አያያዝ 400 ሰዓት፣ ማለትም 17 ቀን እንኳ አይሞላም። ያቺ ሌት ተቀን የምትበራ ትንሽ ኤልኢዲም የድርሻዋን ታነሣለች። ነቅለው ይጣሏት።

ፒኖችን (የቺፑን የብረት እግሮች) እንዲሁ መተውም ያስከፍላል። ከምንም ጋር ያልተያያዘ የግቤት ፒን ቮልቴጁ መሃል ላይ ይዋልላል፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ትራንዚስተሮች በከፊል ይከፈቱና ከረንት በመካከላቸው ይሾልካል። በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 ቮልት የተሳበ ፒን ዜሮ ቮልት እንዲያወጣ እንደታዘዘ ቺፑ ከተኛ ደግሞ 330 ማይክሮአምፔር ያለማቋረጥ ይፈስሳል። የቺፑ ቁጠባ ሁሉ በዚህች ቀዳዳ ይወጣል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የቅጽበት ስህተት ነው። ፕሮግራሙ «የሚሠራ ነገር አለ?» ብሎ ምልክቱን ያያል፤ የለም። ሊተኛ ሲል ቁልፉ ይጫናል፤ ኢንተራፕቱ (ፕሮግራሙን አቋርጦ የሚገባው ጥሪ) ደርሶ ምልክቱን «አለ» ያደርገዋል። ፕሮግራሙ ግን ጥያቄውን አልፎታልና ሥራው እየጠበቀው ይተኛል። ይህ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሲፈተን አይታይም። መፍትሔው ምልክቱን ከማየት በፊት ኢንተራፕቶችን መዝጋት ነው። በኤቪአር ቺፖች ኢንተራፕት የሚከፍተውን ትእዛዝ ወዲያው የእንቅልፉ ትእዛዝ ሊከተለው ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ኢንተራፕት መግባት አይችልምና። ኮርቴክስ-ኤም በሚባሉት ቺፖች ላይ ኢንተራፕቱ እንደተዘጋ ቢተኛም የሚጠብቅ ኢንተራፕት ካለ ይነቃል፤ ከነቃ በኋላ መክፈት ይበቃል።

ኤስቲኤም32 ቺፖች ስቶፕ ከሚባለው እንቅልፍ ሲነቁ በውስጣዊው ኦሲሌተር (ምት ሰጪ ክፍል) ይነሣሉ። ክሎኩን (የቺፑን የሥራ ምት) እንደገና ያላስተካከለ ሰው ቺፑ መረጃ በሚልክበት የሲሪያል መስመር የማይነበብ ፊደል ይደርሰዋል፤ ከዚያም ጥፋቱን በኬብሉ ላይ ያላክካል።

በመጨረሻ አለካኩ። ዲበገር (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) እንደተሰካ የተገኘ ቁጥር አይታመንም፤ በብዙ ቺፖች እሱ ራሱ ክሎኩ እንዳይቆም ያደርጋል። መልቲሜትርም ያታልላል። በማይክሮአምፔር መለኪያው ውስጥ ያለው ሬዚስተር 100 ኦም ከሆነ፣ ቺፑ ነቅቶ 20 ሚሊአምፔር ሲስብ 2 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ቺፑም ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኝተው ቦርዱን ያስነሡት፤ መተኛቱን ሲያረጋግጡ ሽቦውን ያንሡና ያንብቡ።