«ሮክ ኦፍ ኤጅስ»ን እንዴት እንየው?

ይህን የ2012 (እ.ኤ.አ.) ሙዚቃዊ ፊልም ብቻችሁን፣ ድምፅ ቀንሳችሁ እንዳታዩት አደራ! መዝፈን የማያፍሩ ወዳጆች ጋብዙ፤ ግጥሙም በጽሑፍ ይታያችሁ። ታሪኩን አትመርምሩት። በ1987 አንዲት ወጣት ዘፋኝ ለመሆን ሎስ አንጀለስ ትገባለች፣ በቃ። ግነቱ ነው ውበቱ፤ ገና በመንገድ ላይ የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች አብረዋት ያዜማሉ።

እኔ ደጋግሜ የማየው የጎዳናውን ፍጥጫ ነው። በአንድ ወገን ካትሪን ዜታ ጆንስ የምትመራቸው የሮክ ሙዚቃ ተቃዋሚዎች፣ በሌላው ጸጉራቸውን ያንዠረገጉ የሮክ አፍቃሪዎች ቆመው፣ ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። እዚህ ላይ እናንተም ለሁለት ተከፍላችሁ ዝፈኑ፤ ጮክ በሉ! ቶም ክሩዝ የሚያዜመው በራሱ ድምፅ መሆኑን ግን ለአዲስ ተመልካች አስቀድማችሁ አትንገሩት። ፊልሙ ሲያልቅ ይስማው።